ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ፦ ርካሽ የሚሆነው መቼ ነው?

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዋጋ ባለፉት ዓመታት ክፉኛ ወርዷል። የኃይል ገበያን የሚያጠናው ድርጅት ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበት የነበረው የባትሪ ጥቅል በ2024 አማካይ ዋጋው ወደ 115 ዶላር ወርዷል። በዚያው ልክ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች እያረጁና በግጭት እየተጎዱ ከመንገድ በመውጣት ላይ ናቸው። መኪናው ከጥቅም ውጪ ሲሆን ግን ባትሪው ብዙ ጊዜ ገና የሚሠራ ነው። የቤንዚን ሞተር አውጥተው በኤሌክትሪክ የሚተኩ፣ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ ጀልባ ወይም አነስተኛ የጭነት መኪና የሚሠሩ ሰዎች ዐይናቸውን የጣሉት በእነዚህ ባትሪዎች ላይ ነው።

በጉዳዩ ላይ የሚሰማው ወሬ ሁለት ጫፍ ይዟል። አንዱ ወገን ያገለገለ ባትሪ የሌላ ሰው ቆሻሻ ነው፣ ቀን ጠብቆ ይቃጠላል ይላል። ሌላው ደግሞ «ያው ባትሪ በግማሽ ዋጋ» እያለ ያሞካሸዋል። ሁለቱም ስለ ባትሪ በጅምላ ያወራሉ። ገዢው ፊት የቀረበው ግን የራሱ ታሪክ ያለው አንድ ባትሪ ነው። ርካሽ ወይም ውድ የሚያደርገውም ስለዚያ ታሪክ የሚታወቀው ነገር መጠን ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት መነሻው የጥቅሉ ውስጥ ነው።

ጥቅሉ ሲከፈት

ትንሹ አሃድ ሴል ይባላል። ጥቂት ሴሎች በአንድ ላይ ታስረው ሞጁል ይሆናሉ፤ ሞጁሎቹ ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ከማቀዝቀዣና ከፊውዝ ጋር በአንድ ሣጥን ሲታሸጉ ጥቅል፣ በተለምዶ «ፓክ» ይሆናሉ። ኪሎዋት ሰዓት የሚባለው መለኪያ በጥቅሉ ውስጥ ሊከማች የሚችለውን ጉልበት ይነግረናል፤ ቮልቴጁ ደግሞ የትኛውን ሞተርና መቆጣጠሪያ መንዳት እንደሚችል ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ የወጣው ኒሳን ሊፍ ባለ24 ኪሎዋት ሰዓት ጥቅል ነበረው። ውስጡ 48 ሞጁሎች፣ በእያንዳንዱ ሞጁል 4 ሴሎች፣ በድምሩ 192 ሴሎች አሉ። የ85 ኪሎዋት ሰዓቱ ቴስላ ሞዴል ኤስ በበኩሉ 16 ሞጁሎች ሲኖሩት ሴሎቹ 7,104 ይደርሳሉ፤ እያንዳንዱ ሴል ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ድቡልቡል ነው። አሠራራቸው ይህን ያህል የተራራቀ ቢሆንም ሁለቱም ሴሎቻቸውን በ96 ደረጃ በተከታታይ፣ ማለትም ቮልቴጃቸው እንዲደመር፣ ስለሚያገናኙ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ሲደረጉ ወደ 400 ቮልት ይጠጋሉ።

ይህ ለፕሮጀክት ሠሪው ትልቅ ትርጉም አለው። ብዙ ርካሽ የሞተር መቆጣጠሪያዎች የሚሠሩት ከ100 እስከ 150 ቮልት ባለው ክልል ነው። የሊፍን 48 ሞጁሎች በ16 ተከታታይ፣ በ3 ትይዩ (ትይዩ ሲሆኑ ቮልቴጁ ሳይጨምር የሚይዙት ይደመራል) መልሶ ማገናኘት 120 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፤ ጉልበቱ ሳይቀንስ። የሞጁሎቹ ክብደት ብቻ ወደ 180 ኪሎ ስለሚሆን፣ ከዋናው ሣጥኑ ጋር ወደ 290 ኪሎ ከሚመዝነው ጥቅል ብዙ ይቀላል። በአንጻሩ የቴስላው ሞጁል አንዱ ብቻ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ቢይዝም ቮልቴጁ ወደ 22 ነው። 120 ቮልት የፈለገ ሰው ቢያንስ 5 ወይም 6 ሞጁል መግዛትና ለሁሉም የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ቱቦ መዘርጋት ግድ ይሆንበታል።

ተከታታይ ግንኙነት አንድ ከባድ ጣጣም አለው። በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች በአንድ ገመድ ታስረው እንደሚጓዙ ሰዎች ናቸው፤ የሁሉም ፍጥነት የደካማው ፍጥነት ነው። ከ96ቱ ደረጃዎች አንዱ ቀድሞ ካለቀ የቀሩት 95ቱ ያላቸውን ጉልበት ሳይሰጡ ጥቅሉ ይቆማል። በዚህ ምክንያት የጥቅሉ አማካይ ጤና ለገዢው ብዙም አይነግረውም፤ መጠየቅ ያለበት ስለ ደካማው ሴል ነው።

እርጅናው ከምን ይመጣል

የሊቲየም ባትሪ በሁለት መንገድ ያረጃል። አንደኛው በአገልግሎት ብዛት፣ ማለትም በተደጋጋሚ ቻርጅ መደረግና መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይሠራ በተቀመጠበት በጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ገዢዎች ይረሱታል። ኪሎሜትሩ ዝቅተኛ የሆነ ግን ዓመታትን ሙሉ ቻርጅ ሆኖ በሙቀት ውስጥ የቆመ መኪና ባትሪ፣ በየቀኑ በመጠኑ ከተነዳ መኪና ባትሪ ብሶ ሊገኝ ይችላል። ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ አንድ ላይ ሲገጥሙ በሴሉ ውስጥ የሚካሄደውን የማይቀለበስ ኬሚካላዊ ለውጥ ያፋጥኑታል።

የመጀመሪያዎቹ የሊፍ ባትሪዎች ስማቸው የጎደፈው በዚሁ ነው። ጥቅሉን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽም ሆነ ማራገቢያ ስላልነበረው በሞቃት አካባቢ የነዱት ሰዎች አቅሙ በፍጥነት ሲወርድ አይተዋል። የዚያው ዘመን ሼቭሮሌ ቮልት የተባለው መኪና ታሪኩ ሌላ ነው። ባትሪው በፈሳሽ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ከ16 ኪሎዋት ሰዓቱም መኪናው እንዲጠቀም የተፈቀደለት ወደ 10 ገደማውን ብቻ ነው። ከላይም ከታችም ሰፊ መጠባበቂያ ስለተተወለት ሴሎቹ አልተጨናነቁም። በዚህ ጸሐፊ ግምት መጠነኛ ርቀት ለሚበቃው ፕሮጀክት ከአሮጌዎቹ ጥቅሎች መካከል እንዲህ በጥንቃቄ የተያዙት ይመረጣሉ።

የቀረው አቅም ከአዲሱ አንጻር ሲሰላ «የጤና ደረጃ» ይባላል። 40 ኪሎዋት ሰዓት የነበረ ባትሪ አሁን 30 ብቻ የሚይዝ ከሆነ የጤና ደረጃው 75 በመቶ ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ሲሆን መለኪያው ብዙ ጊዜ 70 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የውስጥ ሬዚስታንስ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሴሉ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው እንቅፋት ማለት ነው። አቅሙ ያልወረደ ባትሪ ሬዚስታንሱ ከፍ ካለ ዳገት ላይ ወይም መኪና ለመቅደም ሲፈለግ ቮልቴጁ ይዘቅጣል፣ ይሞቃል።

ከየት ይገኛል?

ዋናው ምንጭ በግጭት ተጎድተው የመድን ድርጅት ካሳ የከፈለባቸው መኪኖች ናቸው። በጨረታ ይሸጣሉ፤ ፈትተው መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎች ገዝተው ባትሪውን ለብቻ ያወጡታል። እዚህ ላይ የሚያስገርመው፣ ጥሩ ባትሪ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በአዲስነቱ ከተጋጨ መኪና መሆኑ ነው። ፊቱ ወይም ጎኑ የተመታ፣ ከሥር ግን ምንም ያልነካው የሁለት ዓመት መኪና ከአሥር ዓመት «ንጹሕ» መኪና የተሻለ ባትሪ ይሰጣል። በጎርፍ የተዋጠ ግን የተለየ ነገር ነው። ውኃ፣ በተለይ ጨዋማ ውኃ የገባበት ጥቅል ከደረቀ ከሳምንታት በኋላ እንኳ በሰሌዳዎቹ ላይ በቀረው ጨው የተነሳ ሊቃጠል ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ባትሪ የሚስማማ ርካሽ ዋጋ የለም።

ሁለተኛው ምንጭ በዋስትና የተቀየሩ ጥቅሎች ናቸው። አንድ ባለ48 ሞጁል ጥቅል የተቀየረው ሦስት ሞጁሎቹ ስለተበላሹ ከሆነ ሌሎቹ 45ቱ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሻጩ የተበላሹት የትኞቹ እንደሆኑ ማሳየት ከቻለ። አውቶቡሶችና የድርጅት መኪኖችም በብዛት፣ በአንድ ጊዜና ከአገልግሎት መዝገባቸው ጋር ስለሚወጡ ጥሩ ምንጭ ናቸው።

ከሃይብሪድ መኪና፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ ከሚጠቀም መኪና፣ የሚወጣ ባትሪ ብዙ ሰው ያሳስታል። የሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ባትሪ 28 ሞጁሎችና 201.6 ቮልት አለው፤ ሲታይ ትልቅ ነው። የሚይዘው ጉልበት ግን 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ አነስተኛ የተቀየረ መኪና በኪሎሜትር 180 ዋት ሰዓት ገደማ ቢወስድ 7 ኪሎሜትር ያህል ነድቶ ይቆማል። ያ ባትሪ የተሠራው ለአፍታ ጉልበት እንዲሰጥና ፍሬን ሲያዝ መልሶ እንዲቀበል ነው፤ መኪናውን ብቻውን እንዲነዳ አልታሰበም።

እውነተኛው ዋጋ ሲሰላ

ሻጭ ዋጋ የሚጠራው በስም አቅሙ ነው፤ «የ40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ» ይላል። ገዢው የሚነዳው ግን በቀረው ነው። የጤና ደረጃው 75 በመቶ ከሆነ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይቀራል። ዕድሜው እንዲረዝም ከላይና ከታች ጥቂት ትቶ 85 በመቶውን ብቻ ልጠቀም ካለ ደግሞ 25.5 ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በእርግጥ ለሚያገለግል ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከተጠራለት ዋጋ 57 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ማጓጓዣው፣ መቆጣጠሪያው፣ ቻርጀሩ፣ ወፍራም ገመዱና ሣጥኑ ገና አልተደመሩም። በዚያ ላይ ከገዛቸው ሞጁሎች የተወሰኑት የሚጣሉ እንደሆኑ መገመት አለበት፤ አምስት በመቶ ትርፍ መያዝ ቅንጦት አይደለም።

እዚህ ጋ አዲሱ ባትሪ ወደ ሒሳቡ ይገባል። ከላይ የተጠቀሰው 115 ዶላር ትላልቅ አምራቾች በጅምላ የሚያገኙት አማካይ ስለሆነ ግለሰብ በዚያ ዋጋ አይገዛም። ቢሆንም አዲስ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል፣ በአጭሩ ኤልኤፍፒ፣ ለተራ ገዢም ከጥቂት ዓመታት በፊት ባልነበረ ዋጋ ይደርሳል። ኤልኤፍፒ ለክብደቱ የሚይዘው ጉልበት ያንሳል፤ ግን ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል፣ ቻርጅ የመደረግ ዕድሜውም ረዥም ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች በዚህ የተነሳ ያገለገለ ባትሪ ዘመን አልፎበታል ይላሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ ግን ሁሉን አይጠቀልልም። ቦታና ክብደት ለሚያሳስበው፣ ወይም ፈጣን ጉልበት ለሚፈልግ ፕሮጀክት ከመኪና የወጣው ኒኬል ያለበት የሊቲየም ሴል አሁንም ይበልጣል። እንደ መለኪያ፣ ሁሉም ወጪ ተደምሮ በሚያገለግል ኪሎዋት ሰዓት ያገለገለው ከአዲሱ ግማሽ ገደማ ካልሆነ፣ ያለ ዋስትና ለተሸከሙት ስጋት በቂ ካሳ አልተገኘም ማለት ነው።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ሻጭ የሚያሳየው የስክሪን ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ባትሪው ገና መኪናው ላይ እያለ ከመኪናው ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ማንበብ ከተቻለ ከሁሉ ይበልጣል። ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ካረፈ በኋላ በሴሎች መካከል ያለው ልዩነት 10 ወይም 20 ሚሊቮልት ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከ100 ካለፈ ምክንያቱ ሳይታወቅ መግዛት አይገባም። ኤልኤፍፒ ላይ ግን ይህ ዘዴ ያታልላል፤ ቮልቴጁ ለረዥም ክልል ዝርግ ስለሆነ ልዩነት የሚታየው ሊሞላ ሲል ወይም ሊያልቅ ሲል ብቻ ነው።

ሬዚስታንስን መለካት ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ የሊፍ ሞጁል አርፎ 7.80 ቮልት ያሳያል እንበል። የ50 አምፔር ጭነት ለ10 ሰከንድ ሲያያዝበት ወደ 7.60 ቢወርድ፣ ልዩነቱ 0.2 ለ50 ሲካፈል 4 ሚሊኦም ይሆናል። ጎኑ ያለው ሞጁል በዚያው ጭነትና በዚያው ሙቀት ወደ 7.70 ብቻ ቢወርድ ሬዚስታንሱ 2 ሚሊኦም ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል። መኪናው ሲፈጥን 200 አምፔር ቢስብ ግን የመጀመሪያው 160 ዋት፣ ሁለተኛው 80 ዋት ሙቀት ያመነጫሉ፤ ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ስኩዌር ነውና። እነዚህን ሁለት ሞጁሎች ጎን ለጎን ማሰር ማለት አንዱ ሌላውን እያሞቀ ሁለቱንም ማስረጀት ነው።

አቅም የሚለካው ሙሉ ቻርጅ አድርጎ በተወሰነ አምፔር እስከ ታችኛው ወሰን በማፍሰስ፣ የወጣውን በመቁጠር ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ሌላ አቋራጭ ግን የለም። ከዚያ ሞጁሎቹን ለሁለት ሳምንት ማስቀመጥና ቮልቴጃቸውን ዳግም ማየት ያስፈልጋል። ሳይነካ ብቻውን የሚወርድ ሴል በውስጡ የሚያፈስ ነገር አለው። ለረዥም ጊዜ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የተገኘ ሴልም፣ ቻርጅ ሲደረግ ቢነሳም፣ መጣል አለበት። እንዲያ ሲወርድ በውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ በኋላ መልሶ ሲጠጥር ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። «አነቃሁት» እየተባለ የሚሸጥ ባትሪ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

የሶፍትዌሩ ቁልፍ

እያንዳንዱ ጥቅል የባትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓት፣ በአጭሩ ቢኤምኤስ፣ አለው። የሴሎችን ቮልቴጅና ሙቀት ይከታተላል፤ ወሰን ሲታለፍ ኃይል ይቆርጣል። ከመኪናው ሲለይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ኮምፒውተር ስላጣ አልሠራም ይላል። መኪናው ተጋጭቶ ከሆነ ደግሞ የግጭቱን ምልክት መዝግቦ ራሱን ሊቆልፍ ይችላል።

አምራቾች ቁልፉን የሚከላከሉት በደኅንነት ስም ነው፤ የተጎዳ ባትሪ በማይታወቅ እጅ እንዳይነሳ። የጥገና መብት ተሟጋቾች ደግሞ ጤነኛ ባትሪ ሳይቀር ወደ መፍጫ የሚሄደው በዚህ ቁልፍ ምክንያት ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን የጤና መረጃውን ማንበብ መፍቀድና ቁልፉን መክፈት መፍቀድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መረጃውን መደበቅ ማንንም ከአደጋ አይጠብቅም። ገዢው በጭፍን እንዲገዛ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው የለም።

ለጊዜው ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። ዋናውን ቢኤምኤስ ትቶ እያንዳንዱን የሴል ደረጃ የሚለካ ሌላ መግጠም፣ ወይም የዋናውን መልእክት ፈትተው ባወጡ ሰዎች ሥራ ላይ ተመሥርቶ ማነጋገር። ያለ ቢኤምኤስ «ለጊዜው» መንዳት ግን ሦስተኛ መንገድ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

አደጋውና ጭነቱ

400 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይገድላል። ጥቅል የሚከፍት ሰው እስከ 1,000 ቮልት የሚያገለግል ጓንት ማድረግና የመሃል መቁረጫውን (የጥቅሉን መስመር መሃል ላይ የሚያቋርጠውን መሰኪያ) ማውጣት አለበት፤ ብቻውንም ሊሆን አይገባም። ሠርቶ ከጨረሰም በኋላ ጥቅሉ ከመኪናው አካል በኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደተለየ መለካት አለበት፤ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 100 የቀጥተኛና የተለዋዋጭ መስመሮች ለተገናኙበት ሥርዓት በቮልት 500 ኦም ይጠይቃል፣ ለ400 ቮልት 200 ኪሎኦም መሆኑ ነው።

ሴል ከተወሰነ ሙቀት ሲያልፍ ራሱን በራሱ እያጋለ ጎረቤቱን ያቀጣጥላል፤ ጭሱ መርዛማ ነው፤ ጠፋ የተባለው እሳት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊነሳ ይችላል። የፋብሪካ ጉድለትም አለ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥሪውን አስፍቶ የሼቭሮሌ ቦልት መኪኖችን በሙሉ፣ ከ140,000 በላይ፣ ለባትሪ ቅየራ ጠርቷል፤ በዚያው ዓመት ሂዩንዳይ በዋናነት ኮና የሆኑ ወደ 82,000 ተሽከርካሪዎችን ጠርቷል። ሳይቀየርላቸው ተጋጭተው የተፈቱ መኪኖች ባትሪ ገበያ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል፣ ባትሪው የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ሳይዙ መግዛት ትልቅ ግድየለሽነት ነው።

ማጓጓዣውም የዋጋው አካል ነው። የሊቲየም ባትሪ በአደገኛ ዕቃ ምድብ 9 ውስጥ ይገባል፤ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ለብቻው በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት አይሄድም፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም ከ30 በመቶ በላይ ቻርጅ መያዝ የለበትም። የተጎዳ ባትሪ ጨርሶ አይበርም። ሩቅ ያለ ርካሽ ባትሪ ቅርብ ካለው ውድ ባትሪ የሚብሰው በዚህ ነው።

ለመኪና ወይስ ለማጠራቀሚያ?

ያረጀ ባትሪ ከመኪና ወጥቶ የፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ ቢሆን ይሻላል የሚሉ ወገኖች አሉ። ምክንያታቸው ቴክኒካዊ ነው። 20 ኪሎዋት ሰዓት የቀረው ጥቅል መኪና ውስጥ ሆኖ ለመፍጠን 60 ኪሎዋት ቢጠየቅ፣ ባለበት ፍጥነት ቢቀጥል በ20 ደቂቃ ባዶ ይሆናል። ቤት ውስጥ 2 ኪሎዋት ቢጠየቅ 10 ሰዓት ይቆያል። ሬዚስታንሱ ከፍ ያለ ባትሪ የመጀመሪያውን አይችልም፤ ሁለተኛውን ያለ ችግር ይሠራዋል። ስለዚህ ምርመራው ላይ አቅማቸው ደህና ሆኖ ሬዚስታንሳቸው የከፋ ሞጁሎችን ለማጠራቀሚያ፣ ሬዚስታንሳቸው ዝቅ ያሉትን ለተሽከርካሪ መለየት ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል።

ወደፊት የሚመጣው ግን ነገሩን ያከብደዋል። አዳዲሶቹ ጥቅሎች ሞጁልን እየተዉ ሴሉን በቀጥታ ከሣጥኑ ጋር ያጣብቃሉ። የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ አሠራሩ ይኸው ነበር፤ በአንዳንድ የቴስላ ጥቅሎች ደግሞ ሴሎቹ በደረቀ አረፋ ተይዘው የመኪናው አካል ሆነዋል። እነዚህን ፈትቶ በሚፈለገው ቮልቴጅ መልሶ ማሰር እጅግ ከባድ ነው። 48 ሞጁል አውጥቶ እንደ ጡብ መደርደር የሚቻልበት ጊዜ እያለፈ ነው።

በሌላ በኩል የመረጃው ችግር ሕግ እየተበጀለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ከየካቲት 2027 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች «የባትሪ ፓስፖርት» ያስገድዳል፤ የእያንዳንዱን ባትሪ ማንነትና መረጃ የሚይዝ ዲጂታል መዝገብ ነው። ይህ የሚመለከተው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ ገበያ የሚገቡትን ነው። እስከዚያ የተመረቱትና በሚቀጥሉት ዓመታት ያገለገለ ገበያውን የሚሞሉት ባትሪዎች ፓስፖርት አይኖራቸውም፤ የእነሱን ታሪክ ገዢው በቮልትሜትርና በሁለት ሳምንት ትዕግሥት ራሱ መመዝገብ ይኖርበታል።